አሮጌው ዲስክ ይዞብኝ የሄደው

ላፕቶፔን አበራና ፊቴን ታጥቤ፣ ለብሼ፣ ሻይ ይዤ እመለሳለሁ። አሁንም ያቺ ክብ ትዞራለች። ማሽኑ ኤችፒ ፕሮቡክ 450 ጂ5 ነው። ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ የሚናቅ ዕቃ አይደለም። ጎታታው ውስጡ ያለው የ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነው። እሱ በደቂቃ 5400 ጊዜ እየተሽከረከረ አንዲት ፋይል ሲፈልግ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ይጠብቀዋል።

ሰው ሁሉ «ፎርማት አስደርገው» ይለኛል። ሁለቴ አስደርጌዋለሁ። ክራክ ዊንዶውስ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) ተጭኖ፣ ያላዘዝኳቸው ፕሮግራሞች ተመርቀውበት ይመጣል፣ ሁለት ወር ይፈጥናል፣ ከዚያ እዚያው። በዚህኛው ዙር ባለ 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌላት ፈጣን ዲስክ) ገዛሁና ራሴው ልጭነው ብዬ ተነሳሁ። (ስትጫን 476 ጊጋ ብቻ ታሳያለች። አልተበላችሁም። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024።)

ዕቃዋ ማስቲካ ታክላለች። የላፕቶፑን ሆድ ከፍቼ በሰያፍ ከተትኳት፣ ተጫንኳት፣ ከዚያ የምታስራት ብሎን የለችም። ከማሽኑ ጋርም ከዲስኩ ጋርም አልመጣችም። ሰፈራችን ስልክ የሚጠግን ልጅ ጣሳው ውስጥ ሲያንኮሻኩሽ ቆይቶ አንዷን አገኘልኝ። ብር አልቀበልም አለ።

የዊንዶውስ 11ን ፋይል ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ በሌሊት አወረድኩት። ከ5 ጊጋ በላይ ነው። ሩፈስ በምትባለዋ ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ አሰፈርኩት፤ ጂፒቲ (የዲስክ አከፋፈል) እና ዩኢኤፍአይ (የአዳዲስ ማሽኖች አነሳስ) የሚሉትን መርጬ። ፍላሹ ከ8 ጊጋ አይነስ፣ ላዩ ላይ ያለውም ሁሉ ይጠፋል። ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሳ ኤችፒ ላይ ሲበራ ኤፍ 9 ደጋግሞ መንካት ነው፣ ሌኖቮና ዴል ላይ ኤፍ 12። የማሽናችሁ ፕሮሰሰር የኢንቴል 11ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ ጫኙ «ዲስክ የለም» ሊላችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ የኢንቴሉን የዲስክ ድራይቨር (ጫኙ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም) አስቀድማችሁ ፍላሹ ላይ አስቀምጡ።

አሁን የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አልነቀልኩትም። ማሽኑ ለሁለቱም ቦታ አለው፣ ፋይሎቼም እሱ ላይ ናቸው፣ ለምን ልንቀለው? ጫኙ «የት ልጫን?» ሲል ዲስክ 0 እና ዲስክ 1 አሳየኝ። 0 አሮጌው ነው፣ 1 አዲሷ፣ ባዶ። አዲሷን መረጥኩ፣ ቀጥል አልኩ። በትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ዊንዶውስ ሲጫን ማስነሻውን የሚያስቀምጥባት ትንሽ ክፍል ይፈልጋል፣ እና አሮጌው ዲስክ ላይ ከቀድሞው ዊንዶውስ የተረፈች አንዷ ስላለች እዚያው ሄዶ አስቀመጠው። ቤቱን አዲሱ ግቢ ሠርቶ ቁልፉን አሮጌው ግቢ አንጠለጠለው ማለት ነው። ምልክቱ ፊቴ ነበር። በንጹሕ ዲስክ ላይ ሲጫን አራት ክፍሎች ይፈጠራሉ፣ ከነሱም አንዷ የ100 ሜጋዋ ማስነሻ ናት። እኔ ያንን አላየሁም፣ አላወቅሁምም።

ቀጥሎ ዋይፋዩን አላወቀልኝም፣ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ አላሳልፍህም አለ። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቼ የስልኩን ዳታ ለላፕቶፑ አካፈልኩት፣ ወዲያው ሠራ። ያላሰብኩት ነገር፣ ጫኙ እግረ መንገዱን አፕዴት ማውረድ ጀመረ። የወሩ ፓኬጄ ያን ቀን አለቀ። እንደገባችሁ ወዲያው ግንኙነቱን «የሚለካ» (ሚተርድ) ብላችሁ መድቡት፣ ብዙውን ማውረድ ያቆማል። የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍታችሁ ከገባችሁ ዲስካችሁን በራሱ ሊቆልፈው ስለሚችል የማገገሚያ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ላፕቶፑ ላይ አይደለም።

ደስ ያለኝ ነገርም አለ። ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱን ራሱ አረጋገጠ። ቁልፉ ለካ ከፋብሪካ ጀምሮ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኦሪጅናል ፈቃድ ባለው ማሽን ላይ ክራክ ሳስጭን ኖሬያለሁ።

ሦስት ሳምንት በደስታ አለፈ። ሻይ መያዝ ቀረ፣ ማሽኑ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። ከዚያ አሮጌውን ዲስክ በዩኤስቢ የሚሰካ መያዣ ውስጥ ልክተት ብዬ ነቀልኩት፣ ማሽኑን ሳበራ ጥቁር ስክሪን፣ ማስነሻ ያለው ዲስክ አላገኘሁም የሚል ጽሑፍ። አዲሷ ተቃጠለች ብዬ ላቤ መጣ። አሮጌውን መልሼ ስሰካው ተነሳ። ያኔ ገባኝ።

ዊንዶውሱን ሳይነኩ ማስተካከል ይቻላል፤ ከአዲሷ ላይ ትንሽ ቦታ ቆርሶ፣ ቢሲዲቡት በሚባለው ትእዛዝ ማስነሻውን እዚያ መጻፍ ነው። እኔ ግን ተናድጄ ስለነበር የሦስት ሳምንቱን ፋይል ገልብጬ፣ አሮጌውን አውጥቼ፣ አዲሷን ብቻ ትቼ ከዜሮ ጫንኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። አራቱም ክፍሎች ተሰልፈው መጡ።

አለቀ ስል የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ መጡ። የዕድሩን የድሮ ሰነድ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ፋይሉን ስከፍትላቸው ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርገኸው ነው?» አሉኝ።

ሰነዱ ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት) ውጭ በሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ያስገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ እሱን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች እኛ ቢሮዎች ድረስ እስኪደርሱም ጊዜ ወስዷል። የድሮዎቹ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው የእኛን ይስሉበት ነበር። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው እንግሊዝኛ ይወጣል። እኔ ፎቶ ገልብጬ፣ ሰነድ ገልብጬ፣ ፎንት የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። እንደ ፈረንጆቹ የ2000ዎቹን የአማርኛ ጽሑፍ የያዛችሁ፣ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፎንትስ የሚለውን ሙሉውን ገልብጡ። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት እንኳን አሁን አብሮ አይመጣም፣ ከሴቲንግ ገብታችሁ አማርኛን ስትጨምሩ ነው የሚወርደው።

እንደ ዕድል አሮጌውን ዲስክ ገና አላጠፋሁትም። ከመያዣው ጋር ሰካሁት፣ ፎንቶቹን አወጣሁ፣ ጫንኳቸው፣ ዎርድን ዘግቼ ከፈትኩ። ፊደሉ ተመለሰ። ጸሐፊው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። በ1996 ዓ.ም. ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈሉ አባላት ዝርዝር ነበር። ሦስተኛው አባቴ ናቸው።