«የለም» ብዬ የፈረምኩበት ቅጽ

ከጮቄ ተራራ በታች፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የምንጭ ማጎልበት ሥራ እመራ ነበር። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ገብቷል። ምንጩ በኮንክሪት ይገነባል፣ በዙሪያው ያለው ጨፌ ደግሞ በቦይ ይጠነፈፋል። ከቁፋሮው በፊት የሚሞላ ቅጽ አለ። እኩለ ቀን ላይ ኩሬውን ዞሬ አየሁ፤ ውኃው ውስጥ የእንቁራሪት እንቁላልም ግልገልም የለም። «በሥራው የሚጎዳ የዱር እንስሳ» ከሚለው ፊት «የለም» ብዬ ፈረምኩ።

ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ችካላችንን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ እዚህ አምሽተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም አባቴ፣ ምን አለ?»

«እንቁራሪቶች አሉ። ቦይህ በቤታቸው ላይ ነው የሚያልፈው።»

አመስግኜ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እንቁራሪት ውኃ አያጣም፣ ወንዙ እዚያው ነው ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቆፋሪ በዶማ ያነሣው ጓል ተፈረከሰ። ከውኃው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ፣ ፈዛዛ እንቁላሎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሥራውን አስቆምኩ። ማታ በባትሪ ስንፈልግ ቁጥቋጦ ላይ ሆኖ የሚጮኽ ትንሽ እንቁራሪት አገኘን። ፎቶውን የላክሁለት የሥነ ሕይወት መምህር ጓደኛዬ ወገኑን ወዲያው ለየው፤ ሌፕቶፔሊስ ነው አለኝ። ከዚህ ወገን ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ የሚባለው በጎጃም ደጋ የሣር ምድር የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ዝርያ ነው። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1977 እ.ኤ.አ. ሲሆን የተሰየመውም በእንስሳት ተመራማሪው በዴሪክ ያልደን ስም ነው።

እኔን የመታኝ ግን አኗኗሩ ነው። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ አይጥሉም፤ በውኃ ዳር አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ግልገሎቹ ተፈልፍለው ወደ ውኃው የሚወርዱት ከዚያ ነው። ስለዚህ ወንዙ ሳይነካ ጨፌው ቢደርቅ ብቻ እንቁላሉ ይጠፋል። እኔ በቀን፣ ያውም ውኃ ውስጥ ፈለግሁ። አዛውንቱ በአንዲት ጥያቄ የነገሩኝን ለመስማት ደግሞ አንድ ምሽት ይበቃኝ ነበር።

ቦዩን ወደ ላይኛው ደረቅ መሬት አዞርነው፤ የተቆፈረውንም መልሰን ደፈንነው። ቅጹ ላይ በራሴ እጅ «በምሽት የታየበት ቀን» የሚል መስመር ጨመርኩ፤ ዛሬም ያለዚያ አልፈርምም።

በዓመቱ ሰኔ ከአዛውንቱ ጋር እዚያው አመሸሁ። ከላይኛው ጨፌ ጩኸቱ ይመጣል። ቦዩ ባለፈበት በኩል ምንም አይሰማም።

«እዚህም ነበሩ» አሉኝ፣ በበትራቸው የተደፈነውን መሬት እያሳዩኝ።