በዘጌ ደን ውስጥ በቡድን መጓዝ

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ገታ ሲል፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ተሻግረን በእግር መጓዝ ከጓደኞቼ ጋር የያዝነው ልማድ ነው። አደይ አበባን ለማየት የመጣ ሰው ግን ደኑ ውስጥ ባይፈልጋት ይሻላል፤ ፀሐይ ወዳድ በመሆኗ የምትደምቀው በመንገድ ዳርና በገላጣ ሜዳ ሲሆን፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ያለው ስፍራ የቡና ነው። በዘጌ በበሬ ማረስ በትውፊት የተከለከለ መሆኑ ደኑ እስከ ዛሬ እንዲቆይ ረድቷል።

ወፎቹን ለማየት ወሬ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በቡድን ለሚጓዝ ሰው ከዳገቱ ይልቅ ይከብዳል። ምንቃሩ ላይ ቀንድ መሰል ጉብታ ያለው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ከመታየቱ በፊት የክንፉ ድምፅ ይሰማል። ሾላ ላይ ካረፈ በኋላ ፍሬውን በምንቃሩ ጫፍ ቀንጥሶ ይይዝና አንገቱን ወደ ኋላ ቀልበስ አድርጎ ወደ ጉሮሮው ይወረውረዋል። ሐይቁ ዳር ደግሞ ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኙ ንስር ይጮኻል።

ዛፎቹ ገለጥ በሚሉበት ቦታ የክብራን ገብርኤልና የእንጦስ ደሴቶች በጣና ላይ ይታያሉ። ወደ ክብራን ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ፣ ወንዱም ሴቱም ላለበት ቡድናችን ከማዶ ሆኖ ማየቱ ሁላችንንም እኩል ያደርገናል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሳ፣ በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት መመለስ የተሻለ ነው።