ሁለቱ ሄሪፎርዶች

የስፖርት ዴስካችን ሙግት ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአርሰናልና በማንቸስተር ዩናይትድ ነው። በዚያ ቅዳሜ ግን ሁለት ባልደረቦቼን ያፋጠጠው ሄሪፎርድ የሚባል የእንግሊዝ ትንሽ ከተማ ክለብ ነበር።

ዝግጅቱ በኤፍኤ ካፕ ታሪክ ስላልተጠበቁ ውጤቶች ነው። ስክሪፕቱን የጻፈችው የዴስኩ ታናሽ ናት። አቅራቢው ደግሞ አድማጭ ገና በድምፁ የሚለየው አንጋፋ ነው። እኔ አርታኢ ነኝ። አየር ላይ ልንወጣ ጥቂት ሲቀረን አቅራቢው መግቢያውን አሳጥሮት መጣ። «በ1924 የተመሠረተውና በ1972 ኒውካስልን የጣለው ሄሪፎርድ ዛሬም በታችኛው እርከን ይጫወታል» ይላል። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ አንድ ክለብ አይደለም» አለችው።

«እንዴት ነው አንድ ያልሆነው?»

«ያኛው ፈርሷል።»

ስለ ጨዋታው ሁለቱም አይለያዩም። ኒውካስል ያኔ ከፍተኛው እርከን በነበረው በአንደኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ክለብ ነው፤ ሄሪፎርድ ደግሞ ከዋናው ሊግ እርከኖች ውጪ። መጀመሪያ ኒውካስል ሜዳ ላይ 2 ለ 2 ወጡ። ድጋሚው በዝናብና በጭቃ ብዛት እየተላለፈ ቆይቶ ፌብሩዋሪ 5 በሄሪፎርድ ሜዳ ኤድጋር ስትሪት ላይ ተደረገ። የኒውካስሉ ማልኮም ማክዶናልድ በ82ኛው ደቂቃ በግንባሩ ሲያስቆጥር ነገሩ ያበቃለት መሰለ። ከዚያ የሄሪፎርዱ ሮኒ ራድፎርድ፣ በሙያው አናጺ የሆነው፣ ኳሷን ጭቃው ላይ ተሻምቶ ወሰደ። ለጓደኛው አቀብሎ መልሶ ተቀበላት። ከሩቅ ሲመታት ግብ ጠባቂው ዘሎም አልደረሰባትም። ልጆች ከየአቅጣጫው እየሮጡ ሜዳውን ሞሉት። በተጨማሪው ሰዓት ተቀያሪው ሪኪ ጆርጅ 2 ለ 1 አደረገው። ጨዋታውን ለቢቢሲ ያስተላለፈው ጆን ሞትሰን ያኔ ገና ጀማሪ ነበር፤ ስሙን ያስጠራው ይህ ቀን ነው። በዚያው ዓመት ክለቡ በድምፅ ተመርጦ ሊጉ ውስጥ ገባ።

ልጅቷ ጣቷን የጫነችው ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው። ክለቡ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። በ2014 ዕዳውን ባለመክፈሉ ከነበረበት ሊግ ተባረረ። ደጋፊዎች በባለቤቶቹ ተቆጥተው ከስታዲየም ቀሩ። ዲሴምበር 19 ቀን ለንደን ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ወሰነ። ወዲያው ደጋፊዎችና የከተማው ነጋዴዎች ሄሪፎርድ ኤፍሲ የሚባል ሌላ ክለብ አቋቋሙ። እሱም በ2015 ከዘጠነኛው እርከን ጀመረ።

«ሜዳው ኤድጋር ስትሪት፣ ማሊያው ነጭና ጥቁር፣ አርማው ኮርማ፣ ሕዝቡም ያው» አለ አቅራቢው። «ታዲያ ምኑ ነው የተለየው?»

ይህን ክርክር እንደ ዋዛ ላልፈው አልፈለግሁም። አዲሱ ክለብ በ2016 የኤፍኤ ቫዝ፣ ማለትም የታችኛው እርከን ክለቦች ዋንጫ፣ ፍጻሜ ደርሶ ዌምብሊ ሲገባ የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ሮብ ፐርዲ ነው። ፐርዲ በፈረሰውም ክለብ ለዓመታት ተጫውቷል። 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ የከተማው ሕዝብ ግን በሺዎች ሆኖ ለንደን ወርዶ ነበር። እነዚህን ሰዎች «እናንተ የ1972ቱ አይደላችሁም» የሚላቸው ማን ነው?

የልጅቷም ነጥብ እውነት ነው። አንድ ክለብ እንዳለ ቀጥሏል ካልን፣ ፍርድ ቤት የዘጋውንና ሠራተኛና ተጫዋች ያለ ደመወዝ የቀረበትን ዘመን ከታሪኩ ላይ እንፍቃለን። ደጋፊዎቹ ከዜሮ ተነሥተው የሠሩትም አብሮ ይጠፋል። በተከታታይ ሦስት ዓመት ሻምፒዮን ሆነው ከዘጠነኛ ወደ ስድስተኛ እርከን መውጣታቸው የነሱ ላብ ነው።

የሁለቱንም ይዤ መግቢያውን እንዲህ ጻፍኩት፦ «በ1972 ኒውካስልን የጣለው ሄሪፎርድ ዩናይትድ በ2014 ፈርሷል። ደጋፊዎቹ በዚያው ሜዳ ሌላ ክለብ አቁመው ትዝታውን ይዘው ቀጥለዋል።» አቅራቢው አንዴ ለራሱ አነበበው። «ይሄማ ከኔው ይሻላል፤ አንቺ ልጅ፣ ስቱዲዮ ግቢና ቀሪውን አብረን እንንገረው» አላት። ማይክ ላይ ወጥታ አታውቅም። ገባች።

ለአምስት ደቂቃ የታሰበው ስልክ አላቆም ብሎ ረዘመ። አንድ አድማጭ የሚሠራበት ፋብሪካ ቡድን መፍረሱን ነገረን። ማሊያውን እስካሁን ቤቱ አስቀምጦታል። «የኛንም እንዲህ አድርጋችሁ ብትተርኩልን» አለ። አቅራቢው ስልክ ቁጥሩን ያዘለት።

ከዚያ ወዲህ ዴስካችን ላይ የክለብ ታሪክ ሲዘጋጅ ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። በሕግ የተመዘገበው ማን ነው? ስሙ የማን ነው? ሜዳው ላይ የሚቆመውስ ሕዝብ የማን ነው ይላል? አሁን ልጅቷ የዊምብልደንን ክለብ ታሪክ እያዘጋጀች ናት። እዚያ ደግሞ ክለቡ በሕይወት እያለ ወደ ሚልተን ኪንስ ተወሰደ፤ ደጋፊው በ2002 የራሱን ኤኤፍሲ ዊምብልደን አቋቋመ። አቅራቢው ገና ከአሁኑ ወገን ይዟል።