ነጭ ሽንኩርት በውርጭ

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ውርጭ ለእሷ ጠላት ነው። ጥቅምት ገብቶ ማታ ሰማዩ ጥርት ካለ የባቄላው ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። አምና በስልክ "ነጭ ሽንኩርት እየተከልኩ ነው፣ ሰሞኑን በረዶ ይጥላል እያሉ ነው" ስላት ዝም አለች። ከዚያ "አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?"

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። መጀመሪያ እኔም እንደ እሷ ነበር የማስበው። ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ፣ ሜይ ላይ፣ ከሱቅ የገዛሁትን ፈልፍዬ ተከልኩ። ቅጠሉ ሲያምር! ስነቅለው ግን እያንዳንዱ አንድ ድቡልቡል ነገር ሆኖ ወጣ። ፍሬ የለው፣ ምን የለው። ያው ወጥ ውስጥ ገብቶ አለቀ።

ነገሩ የገባኝ በጎረቤቴ ነው። ሞንግ ናቸው፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ ሕዝብ ነው፣ ትልቅ ሴት። እዚህ ከተማ ሞንጎች ብዙ ናቸው፣ ገበሬዎች ገበያ ብትሄዱ አትክልት ከሚሸጡት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። የእሳቸው እንግሊዝኛ እኔ ስመጣ የነበረኝን ያህል ስለሆነ የልጅ ልጃቸው አስተረጎመችን። ነጭ ሽንኩርት መሬት ውስጥ ሆኖ ለሳምንታት ብርድ ካልመታው በየፍሬው አይከፋፈልም አሉ። የሚተከለው ኦክቶበር ላይ ነው፣ መሬቱ ድንጋይ ከመሆኑ በፊት ሥር እንዲይዝ። የሱቁንም ተዪው፣ ብዙ ጊዜ ከሞቃት አገር የመጣ ነው፤ ከገበያ የዚሁ አገር ዘር ግዢ፣ መሐሉ ላይ ደረቅ አገዳ ያለውን።

ገዛሁ፣ ተከልኩ፣ ምንም ሳላለብሰው ተውኩት። ማርች ላይ አፈሩ ቀን እየሟሟ ማታ እየጠጠረ ግማሹን ፍሬ ገፍቶ አወጣው። ጓሮው ላይ ጥርስ የተበተነ ነበር የሚመስለው።

አምና እሳቸው ራሳቸው አጥር ዞረው መጡ። ሌባ ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ሰኩ፣ ፍሬውን ሹሉን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡ፣ በመዳፋቸው መታ መታ። ከዚያ አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ 15 ሳንቲሜትር ያህል፣ ተራምደው ቀጣዩን። ሳይናገሩ ወደ 40 ፍሬ ተከልን። በላዩ 10 ሳንቲሜትር ያህል ገለባ ጎዘጎዝን። ገለባው ብርዱን ለመከልከል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ብርዱ እንዲገባ ግን አንዴ ሞቅ አንዴ ቀዝቀዝ እንዳይል ነው። በረዶው ሲደረብበትማ ብርድ ልብስ በሉት። ጃንዋሪ ከዜሮ በታች 25 ሲገባ እኔ መኪናዬን ማስነሳት አቅቶኝ እሱ እዚያ ተኝቷል።

በዚያው ሰሞን ለውበት ብዬ ቱሊፕም ተክዬ ነበር። ሽኮኮዎቹ በነጋታው ቆፍረው በሉት፣ አንዱማ አጥሩ ላይ ተቀምጦ እያየኝ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱን ግን ዞር ብለው አላዩትም። ቱሊፕ የምትተክሉ ሰዎች በላዩ የዶሮ ሽቦ አንጥፉበት፣ ወይ ናርሲስ የሚባለውን አበባ ትከሉ፣ እሱ መርዝ ስለሆነ አይበሉትም።

ኤፕሪል ላይ ገለባውን ቀዳዶ ወጣ። (ገለባው ውስጥ የቀረ ስንዴም አብሮ በቀለ፣ እሱን ስነቅል ከረምኩ።) ጁን ላይ መሐሉ ጠምዘዝ ያለ አገዳ ያወጣል፤ ጉልበቱ ወደ ታች እንዲሄድ ይቆረጣል። አልጣልኩትም፣ ጥብስ ላይ ከትፌ ጨመርኩት፣ በጣም ይጣፍጣል። ጁላይ ላይ የታችኞቹ ቅጠሎች ሲደርቁ ነቅዬ ጋራዥ ውስጥ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ፣ ለሦስት ሳምንት ሰቀልኩት።

ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት። አንዱ ራስ አምስት ፍሬ፣ እያንዳንዱ የአውራ ጣቴን ያህል። የአገር ቤቱን ያንን ደቃቃውን ስትልጥ የኖረች ሴት ናት።

"ልጣጩ ቶሎ ይለቃል?"

"በአንዴ ነው የሚወልቀው።"

"ሽታስ አለው?"

አንዱን ፍሬ ፈጥርቄ ወደ ስልኩ አስጠጋሁላት። እሷም አፍንጫዋን ወደ ስልኩ ጠጋ አደረገች።