ጆሮ የሚይዘው፣ ስቱዲዮ የሚያበላሸው

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የተለያዩ አገራት አዳዲስ የባህል ሙዚቃ አልበሞችን ስሰማ ዋልኩ። ብዙዎቹን የሚያበላሻቸው ተጫዋቹ ሳይሆን ስቱዲዮው ነው።

ባለ 21 ክሩን የምዕራብ አፍሪካ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ኮራን ውሰዱ። ክሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። ማስተሪንግ (የአልበሙ የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ኮምፕሬሽን (የኃይለኛውንና የለስላሳውን ድምፅ ልዩነት ማጥበብ) ሲበዛበት ግን ያ የሚከስመው ድምፅ ከምቱ ጋር እኩል ይጮሃል፣ ቀጣዩንም ምት ይውጠዋል። ለማጣራት አልበሙን ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ለስላሳውና ኃይለኛው ክፍል ካልተለየላችሁ ችግሩ እዚያ ነው።

የባሰው ኪቦርድ ነው። ራስት የሚባለው የአረቦቹ መቃም (ቅኝት) ሦስተኛ ድምፅ በምዕራባውያኑ ሜጀርና ማይነር ቅኝቶች ሦስተኛ ድምፆች መካከል ይወድቃል፤ ፒያኖ ላይ የለም። በፒያኖ ቅኝት የተሠራ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ከስር ሲነጠፍለት ዘፋኙ ከቅኝት የወጣ ይመስላል። አልወጣም! የዘፋኙን ድምፅ ወደ ቅርቡ የቅኝት ድምፅ የሚጎትተው ሶፍትዌር፣ አውቶቲዩን፣ ከተጨመረበትማ አለቀለት።

ከስቱዲዮ ውጭ የተቀዳ ከሆነ የዶሮ ጩኸት ወይም ሳል ቢገባበት ግድ የለም። ማይኩ ከአቅሙ በላይ ተቀብሎ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን በኋላ ሙሉ በሙሉ አይታረምም።

ከአልበሙ ጋር የሚመጣውን ጽሑፍም አትዝለሉት፤ «ባህላዊ» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ ዜማው ከየት አካባቢ ከማን እንደተገኘ ካልተናገረ፣ እኔ ነጥብ እቀንሳለሁ።