በአክራሪነት ላይ መራር ኮሜዲ ሲዘጋጅ

ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ተውኔት የሚያዘጋጅ ቡድን አስቀድሞ የሚሳቅበትን ይለይ፤ እምነቱ ሳይሆን በእምነት ስም ቤት የሚያፈርሰው ሰው ነው።

የፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት የሞልየር ኮሜዲ «ታርቱፍ» በ1664 እ.ኤ.አ. ቀርቦ ታገደ። በ1669 በተፈቀደው ባለ አምስት ገቢር ቅጂ አስመሳዩ ሃይማኖተኛ ታርቱፍ የሚገባው በሦስተኛው ነው፤ እስከዚያ የምናየው በእሱ ምክንያት የተከፋፈለውን ቤተሰብ ነው። በእኛም ተውኔት ሐሰተኛው ባሕታዊ ዘግይቶ ይግባ። ተዋናዩ ፊቱን አያጣምም፣ ድምፁን አያቅጥን። የሚናገረውን ከልቡ ያመነ ካልመሰለ አስፈሪነቱ ይጠፋና ቧልት ብቻ ይቀራል፤ አብዛኛው ዝግጅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቢጫ ልብስና መቋሚያ ይበቃዋል። ታቦት የሚመስል ቁስ መድረክ አይውጣ፤ ተመልካቹ ታሪኩን ትቶ በድፍረቱ ይቆጣል። ቀጣዩ ቃል ሳቁ መውረድ ሲጀምር ይነገር። በቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ የሐምሌ ዝናብ ሹክሹክታን ስለሚውጥ ወሳኙ ንግግር በእንቅስቃሴ ይታገዝ።