ለተማርንበት ቤት ምን እንስጥ?

ከአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ በአንድ ዓመት የተመረቅን ጓደኛሞች የምረቃችንን መታሰቢያ ስለማክበር ስንነጋገር ቆይተን በሁለት ነገር ተስማምተናል፦ አንደኛው ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው ለትልቅ ደረጃ የበቁ ሰዎችን ታሪክ የሚይዝ አነስተኛ መጽሔት ማሳተም ሲሆን፣ ሁለተኛው ገንዘብ አዋጥተን ለትምህርት ክፍላችን ስጦታ ማበርከት ነው። የመጽሔቱን የስም ዝርዝር የማሰናዳቱ ኃላፊነት ለእኔ ስለተሰጠ፣ ሰሞኑን ማታ ማታ የሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሳገላብጥ ነው የማመሸው። ዝርዝሩ እየረዘመ በሄደ መጠን ስለ ስጦታው የነበረኝ ሐሳብ እየተለወጠ መጣ፤ የተለወጠበትን ምክንያት ሳልረሳው እዚህ ላስቀምጠው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ያገኘኋቸው ሰነዶች በአብዛኛው በዚያ የተጻፉ ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ ሁሉም ሰው የጠራልኝ ስም የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ነው። ኦሎንኮሚ አካባቢ ተወልደው፣ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት አልፈው፣ በ1973 ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ሱዳን ውስጥ ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አዳቅለው በ1983 ለገበሬው አበቁ፤ ከዚያም ወደ አቀንጭራ ዞሩ። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጥ አረም ሲሆን፣ ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ የሚበቅለው ማሽላው ከሥሩ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት በጣም አነስተኛ አድርገው የሚያመነጩ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው፣ አረሙ አስተናጋጁ መድረሱን ሳያውቅ የሚቀርበት መንገድ ተገኘ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተቀብለዋል።

በዚህ ስም ላይ ትንሽ ክርክር ተነሥቶብኝ ነበር። ዓለማያ በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ስለነበረ የእኛ ናቸው የሚሉ አሉ፤ ኮሌጁ ከ1985 ጀምሮ ራሱን የቻለ፣ ዛሬም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራ ስለሆነ የሐረማያ ሰዎች ደግሞ የእኛ ናቸው ይላሉ። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው በዚያው በዓለማያ የተማሩት፣ ከ2013 ጀምሮ ናይሮቢ የሚገኘውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመሩትና በ2014 የሎሪያል-ዩኔስኮ ሽልማት ያገኙት ዶክተር ሰገነት ቀለሙም በዚሁ ክርክር ውስጥ ገብተዋል። እኔ ሁለቱንም አስገብቻለሁ። ሰው በተሸለመ ጊዜ ባለቤቱ የሚበዛውን ያህል ላቦራቶሪው ኬሚካል ባጣ ጊዜ ቢበዛ ምንኛ ጥሩ ነበር ብዬ ግን ለጓደኞቼ ጽፌላቸዋለሁ፤ ሁለቱ ሳቁ፣ አንዱ ተቀየመኝ።

ዝርዝሩን እያየሁ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ አብዛኛው የምንኮራበት ሥራ የተሠራው ከግቢው ውጭ መሆኑ ነው። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ አቀንጭራ የዓለማያን አጥር አይቶ የሚቆም አረም አይደለም። ነገር ግን ምሩቁ ለግቢው ለራሱ ያደረገውን ልፈልግ ብዬ ስነሣ ከሁሉ ይልቅ ያቆመኝ፣ እኛ ተማሪዎች ሳለን በበሩ አልፈን የምንሄደውና እምብዛም የማንገባበት ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። በአራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው ይህ ቤት ከየሀገሩ ማዕዘን የተለቀሙ፣ ተጭነው የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ነው። ተማሪው ወይም ተመራማሪው መስክ ወጥቶ ቅርንጫፉን ከነአበባው ይቆርጣል፤ በጋዜጣ መካከል አስተኝቶ ያደርቀዋል፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም ይመዘግባል፤ ከዚያ ቴክኒሺያኑ በወፍራም ወረቀት ላይ ለጥፎ፣ ተባይ እንዳይበላው ጠብቆ በቁም ሣጥኑ ያኖረዋል። ከአርባ ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ያን ቅርንጫፍ አውጥቶ ጫካው ከመጨፍጨፉ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ምን ይበቅል እንደነበር ያረጋግጥበታል።

የሁለቱን አገሮች ዕፅዋት በየቤተሰባቸው እየለየ የሚገልጸው ባለብዙ ቅጽ መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዘርዝር፣ የተሠራው በዚህ ቤት ላይ ነው። ሥራውን በ1980 ያስጀመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በ1963 ከዚሁ ከዩኒቨርሲቲው ተመርቀው፣ በዌልስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው ተመልሰው ያስተማሩ፣ የሳይንስ ፋኩልቲውን በዲንነት የመሩ፣ በኋላም በብዝኃ ሕይወት ድርድሮች የአፍሪካ አገሮችን ወክለው በመቆማቸው በ2000 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙ ሰው ናቸው። ጋዜጦች ሲጽፉላቸው ድርድሩን ያስቀድማሉ፤ እኔ ግን መዘርዝሩን አስቀድማለሁ። ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ተመራማሪዋ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ከእኛ በኩል ደግሞ በርካታ የአራት ኪሎ ምሩቃን ገቡበት፤ የስዊድን መንግሥት ገንዘቡን ረዳ፤ ወጣት መምህራን ኡፕሳላ ሄደው ተምረው ተመለሱ። ከእነዚህ አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ሄርባሪየሙንም መዘርዝሩንም ለዓመታት መርተው ከዳር አድርሰውታል፤ በ2016 ለንደን የሚገኘው የኪው የዕፅዋት ተቋም የሚሰጠውን የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳልያ ተሸልመዋል፣ በ2018 ደግሞ የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል ሆነዋል።

የሚገርመኝ የቅጾቹ አወጣጥ ነው። መጀመሪያ የታተመው ሦስተኛው ቅጽ ነው፣ በ1989። ጤፍን ጨምሮ ሣሮችን የያዘው ሰባተኛው ቅጽ በ1995 ወጣ። አንደኛው ቅጽ የወጣው መጨረሻ ላይ፣ ከስምንተኛው ጋር በአንድ ዓመት፣ በ2009 ነው። የተዘጋጀው እየታተመ፣ ያልደረሰው እየተጠበቀ፣ ሥራው ከተጀመረ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ስምንቱ ቅጽ በአሥር መጻሕፍት ተጠናቀቀ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ መንግሥት ተለውጧል፣ ጦርነት ነበር፣ አንዱ አገር ሁለት ሆኗል። ኑግ፣ ግራዋና አደይ አበባ የሚገኙበትን ሰፊ ቤተሰብ የያዘውን ክፍል ብቻቸውን የጻፉት ዶክተር መስፍን ታደሰ ሲሆኑ፣ በ2004 ሲታተም እርሳቸው በአሜሪካ ኦሃዮ ነበሩ። ከግቢው የራቀ ሰው ለግቢው ምን ሊሰጥ ይችላል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፤ ገንዘብም፣ ሐውልትም፣ በስሙ የተሰየመ አዳራሽም የለበትም፤ ያለው አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ዛሬ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አደይ አበባን ለይቶ ለማወቅ ሲፈልግ የሚገልጠው እርሱን ነው።

መጽሔቱን ከሚያዘጋጁት አንዱ፣ ጥሩ ፎቶግራፍ የሌለው ሰው አይግባ ብሏል። ናሙናውን በወረቀት ላይ ሲለጥፉ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቴክኒሺያኖችና ተመራማሪውን ወደ ባሌና ወደ ካፋ ያመላለሱት ሾፌሮች በዚህ መመዘኛ አይገቡም። ይህ ጉዳይ ገና አልተቋጨም።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። በመሥሪያ ቤቴ ከእኔ በዕድሜ በጣም የሚያንስ፣ ከአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ባልደረባ አለኝ። ስለ መዋጮው ስነግረው በትሕትና ነገር ግን ሳያመነታ፣ «ጋሼ፣ እናንተ በነፃ ነው የተማራችሁት። እኛ እኮ ኮስት ሼሪንጋችንን ከፍለን ነው ኦሪጅናል ዲግሪያችንን ያወጣነው። ምን ቀረብን?» አለኝ። ወዲያው መልስ አልነበረኝም። እኛ ስንማር ምግቡም፣ መኝታውም፣ ትምህርቱም በመንግሥት ነበር። በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ግን ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን፣ ይህንንም ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ውል አስፈርሞታል። ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠበት፣ ዲግሪውን ለማውጣት የክፍያ ማስረጃ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተመላለሰ ሰው፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያለውን ሒሳብ እንደ ተዘጋ ቢቆጥር አልፈርድበትም። የተቆረጠው ገንዘብ በታክስ ሰብሳቢው በኩል ለመንግሥት የሚገባ እንጂ ለተማረበት ትምህርት ክፍል የሚደርስ አለመሆኑን ብነግረው፣ «እሱ የእኔ ጥፋት ነው?» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩትም ቢሆኑ በነፃ አልወጡም። ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው በትምህርት ቤቶች ያስተምር ነበር። ብዙዎቹ የገበሬውን ኑሮ በቅርብ ያዩት ያኔ ነበር፤ ተመልሰው ሲመጡም የተማሪው እንቅስቃሴ ይበልጥ መጋሉ አያስደንቅም። ግዴታው ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠ ውለታ አልነበረም፤ ለአገር የተሰጠ ነበር፤ ያም ሆኖ በገጠር ያስተማሩ መምህራንና በዚያ ዓመት ፊደል የቆጠሩ ተማሪዎች ዛሬም ድረስ ሲጠራሩ ሰምቻለሁ። በወር ደመወዝ ላይ በሚታይ ቁጥርና በአንድ ዓመት አገልግሎት መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ከፍሎ የሚገላገሉት ሲሆን ሁለተኛው ሰው ያስተዋውቃል። ስለዚህ ባልደረባዬን መዋጮ ከመጠየቅ ይልቅ ለተማረበት ትምህርት ክፍል በዓመት አንድ ጊዜ ሄዶ ስለ ሥራው ቢያስተምር ይሻላል ብዬ ነገርኩት። «ይጠሩኛል ብለህ ነው?» አለኝ። ጋሼነቱ ቀረ።

ስጦታ ስንል በመጀመሪያ አእምሯችን ውስጥ የሚመጣው ዕቃ ነው። የእኛም ቡድን አብላጫው ኮምፒዩተር ይገዛ የሚል ሐሳብ ይዟል፤ አሜሪካ ያሉት ደግሞ ከሚሠሩበት ተቋም የሚወገዱ ማይክሮስኮፖችና የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ለመላክ ፈቃደኞች ናቸው። በቅን ልብ ነው። ነገር ግን የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ስለሆነ አንዳንዱ መሣሪያ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ሌላው አምራቹ ብቻ የሚሸጠውን ኬሚካል ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባ ደብዳቤ ተጽፎ ጉምሩክ እስኪለቅቀው መጋዘን ውስጥ ይቆያል፣ ኪራዩም ይቆጥራል። ከዚህ ይልቅ በዕረፍት ጊዜያቸው መጥተው በጥቁር አንበሳ ከሬዚደንቶች ጋር ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት፣ ሲመለሱም በስልክ ላይ ሆነው የሚያማክሩት ሐኪሞች አሠራር ይማርከኛል። እነርሱ የሚያመጡት ነገር በጉምሩክ አያልፍም።

አሁን ደግሞ ጊዜው የተለየ ነው። በ2023 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ራስ ገዝነት ማለት ሌላ ሌላውን ትተን፣ ዩኒቨርሲቲው ገቢ አመንጭቶ፣ ስጦታም ተቀብሎ ራሱ የሚያስተዳድርበት ዕድል ማለት ነው። ገቢ ሲባል ግን በቀላሉ የሚታየው የተማሪው ክፍያ ነው፤ ከገጠር የመጣ ልጅ አቅም የሚፈተነውም እዚያ ላይ ነው። ምሩቁ የሚሰጠው ገንዘብ በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚመጣ ቢሆን ዩኒቨርሲቲው በጀት ሊይዝበት ይችል ነበር፤ በአሥር ዓመት አንዴ የሚመጣና ሪባን የሚቆረጥበት ከሆነ ግን ለፎቶግራፍ ካልሆነ ለምንም አይያዝም።

ስለዚህ ለቡድኑ ያቀረብሁት ሐሳብ ይህ ነው፦ ኮምፒዩተሩ ይቅርና መዋጮው በየዓመቱ የሚከፈል ሆኖ ለተማሪዎች የመስክ ጉዞ ይዋል። ነዳጅ፣ የሾፌርና የቴክኒሺያን አበል፣ ተማሪው የሚያድርበት ቦታ፣ ናሙና ማድረቂያው፣ ጋዜጣው፤ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው። ወጪ ሲቀነስ ቀድሞ የሚሰረዘው መስክ መውጣት መሆኑን የዕፅዋት ትምህርት የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ መስክ ያልወጣ ተማሪ ደግሞ ግራዋን የሚያውቀው በሥዕል ነው።

እስከ ዛሬ ምሽት ድረስ የሐሳቡ ደጋፊዎች ሰባት ሲሆኑ ኮምፒዩተር የሚሉት ይበልጣሉ። አንዲት ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትጽፍ የክፍላችን ልጅ፣ መስክ የሚለውን ብትደግፍም ገንዘቡ በማን ስም እንደሚቀመጥ ሳይታወቅ ዶላር አልክም ብላለች፤ ትክክል ናት። የጋራ ሒሳብ በሦስት ፈራሚ እንዲከፈት፣ ከፈራሚዎቹም አንዱ ከትምህርት ክፍሉ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ሐሙስ ዕለት ባንክ ሄጄ ለማኅበር ሒሳብ ምን ምን ሰነድ እንደሚጠየቅ እጠይቃለሁ። የስም ዝርዝሩን ደግሞ ነገ እልካለሁ፤ ፎቶግራፍ የሌላቸውን ሁለት ቴክኒሺያኖች ጨምሬ።